የሊቀመንበሩ መፋቂያ

እስቲ ንገረኝ፣ ሰው ሻይ ሲጠጣ ጎረቤት እስኪሰማ የሚምገው ለምንድን ነው? ብርጭቆውን አስጠግቶ፣ ዘንበል አድርጎ፣ ዝም ብሎ መዋጥ ማንን ገደለ? ይህን ስናገር ሰዎች ይስቁብኛል። ሳቃቸውን እችለዋለሁ። የማልችለው እየሳቁ የሚያላምጡትን ነው።

ትልቅ ድምፅ አይነካኝም። ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ፊሽካው ቢነፋ ከእንቅልፌ አልነቃም። የጋሪ ኳኳታ፣ የቀፊራ ገበያ ጫጫታ፣ ምንም አይመስለኝም። ትንሿን ድምፅ ግን አምጣልኝ። ማስቲካ የሚያጮህ፣ ጥርሱን በምላሱ የሚጠባ፣ ጣቱን እያንቋቋ የሚያወራ ሰው አጠገቤ አስቀምጥ። ያኔ ደሜ ይፈላል። ግራ ዓይኔ ይጠባል፣ አፍንጫዬ ይሸበሸባል፣ አፌ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እኔ አላዘዝኩትም፤ ፊቴ በራሱ ፈቃድ ነው የሚሠራው። ባለቤቴ አስካለ፣ በተጋባን ሰሞን በቆሎ እሸት ስትግጥ ይህን ፊት አይታ ጠላኝ ብላ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ እሸት ሲያምራት ጓሮ ወጥታ ነው የምትበላው።

ደግሞ «አትስማዋ!» ይሉኛል። ይህም ምክር ሆኖ ነው? ጆሮ እንደ ድስት ክዳን ያለው ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ይህን ፊት ተሸክሜ ነው የደርግን ዘመን የኖርኩት። በዚያ ዘመን ፊት የግል ንብረት አልነበረም። እሑድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ስብሰባው ከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ራሱ ቅጣት ነው። የቀበሌው እስር ቤት ደግሞ እዚያው ጀርባው ላይ ስለሆነ ለመሄድ ብዙ አያደክምም።

ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም። መፋቂያ ግን ከአፉ አይለይም። መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም ይፋቅ፣ ግን ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ይፋቃል እንጂ ማይክራፎን ላይ ይፋቃል? «ሰፊው ሕዝብ» ይልና ክሽ ክሽ ክሽ። «ምርቱን በማሳደግ» ይልና ክሽ ክሽ ክሽ። በመሃል ስንጣሪዋን እንትፍ ይላል። ይህ ሁሉ በሁለት ድምፅ ማጉያ እየወጣ ጆሮዬን ያርሰዋል። ሰው ሁሉ ያንቀላፋል። እኔ ብቻ ወንበሬን ጨብጬ፣ ፊቴን ይዤ፣ በንዴት እቃጠላለሁ።

አንድ እሑድ የክበቡ ጸሐፊ እጁን አወጣ። ቀጭን፣ ከወረቀቱ ቀና የማይል የሚመስል ሰው ነው። ለካ ቀና ይል ኖሯል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ፊት አብዮቱን ሲቃወም ለብዙ ሳምንት ተከታትያለሁ» አለ።

ከዚያም ስሜን ጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ አብዮቱ በተናገሩ ቁጥር ፊቴ እንደሚጣመም አስረዳ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ለሚቀጥለው እሑድ ግለ ሂሴን አዘጋጅቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። አድኃሪ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

አስካለ ጥርሴን ያመኛል እንድል መከረችኝ። መልካም ምክር ነበር፣ እኔም ተስማምቼ ሄድኩ። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ ቆምኩ። «ጓዶች፣ ጥርሴን» ልል አፌን ስከፍት ያ ሰውዬ ማይክራፎኑ ላይ ክሽ ክሽ አደረገው። አልቻልኩም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ችግሬ አብዮቱ አይደለም። መፋቂያዎ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አገላብጦ አየው። ጸሐፊው እኔ ጥርሴን በምን እንደማጸዳ ጠየቀኝ። በብሩሽ አልኩ። የጥርስ ሳሙናውንስ ከየት እንደማገኝ ጠየቀ። እዚህ ላይ አዳራሹ ሁሉ እግር እግሩን ማየት ጀመረ። ድሬ ውስጥ የጥርስ ሳሙናው በኮንትሮባንድ ከጅቡቲ ያልመጣ ማን አለ? ጥያቄው ወዲያው ታለፈ። መፋቂያ ግን የሰፊው ሕዝብ የጥርስ ብሩሽ ነው፣ መፋቂያን የጠላ ሰፊውን ሕዝብ ጠልቷል ተባለ። ውሳኔው ለሌላ እሑድ ተቀጠረ።

ቤት ስንገባ አስካለ ብርድ ልብስና ትንሽ ስኳር በጨርቅ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም። ያቺን ጥቅል ሳይ ግን ፈራሁ።

ቅዳሜ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ መፋቂያ ልገዛ ቀፊራ ወረድኩ። በጥርሴ ይዤው ብገባ ይምሩኛል ብዬ ነው። መፋቂያ የምትሸጠው ሐዋ ባዶ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣለች።

«አቦ፣ ምን መጣባችሁ ዛሬ? ሰፈርህ ሙሉ መጥቶ ወሰደ። ወላሂ፣ አንድ አልቀረኝም» አለችኝ።

ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ እሑድ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ነው። ቀበሌው በሙሉ እየፋቀ ነው! ሁሉም የእኔ ወገን አለመሆኑን በጥርሱ እየመሰከረ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው ይፍቃሉ። ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች እንኳ ድዳቸውን ይፍቃሉ። እጁ ባዶ የሆነ እኔ ብቻ ነኝ። እንዴት እንደተናደድኩ አልነግርህም። ፊቴማ ምን ይምሰል፣ ልይዘውም አልሞከርኩም።

ሊቀመንበሩ ማይክራፎኑን ያዘና «ጓዶች» አለ። አልተሰማም። ጮክ ሲል ሕዝቡ መስማማቱን ለማሳየት ባሰበት። እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ባሰበት። በዚህ መሃል ግራ ዓይኑ ጠበበ። አፍንጫው ተሸበሸበ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

እጄን አወጣሁ። አስካለ ከጎኔ ኮቴን ጎተተችኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔም አንድ ፊት አየሁ።»

አየኝ። አየሁት። የራሱን መፋቂያ ከአፉ አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያም በውይይት ሰዓት ጥርስ መፋቅ አብዮታዊ ዲሲፕሊን ይጎዳል፣ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል አለ። መፋቂያ ሁሉ ወደ ኪስ ገባ። የእኔን ጉዳይ ማንም አላነሳም።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ወዳጄ፣ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ አንዲት ቀጭን ነገር ተሰማችኝ። ጸሐፊው ሲጽፍ አፍንጫው ያፏጫል። ሲያስገባም ያፏጫል፣ ሲያስወጣም ያፏጫል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ መፋቂያው ሸፍኖት ኖሯል። አሁን ምን ልበል? «ጓድ ጸሐፊ፣ አይተንፍሱ» ልበል?

ግራ ዓይኔ መጥበብ ጀመረ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ ፊቴን አየና ጎንበስ ብሎ መጻፍ ቀጠለ። አስካለ እሱንም አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ደግነቱ ብርድ ልብሱን አልፈታሁትም» አለችኝ።