ሰው አይጠጋባት የተባለችው ደሴት

በሰማይ ለሚበር፣ በባሕር ለሚዋኝ፣ በየብስ ለሚሄድ ሁሉ ይታወቅ። የተጠበቁ ደሴቶች ጽሕፈት ቤት የምክትል ኃላፊው ረዳት የሆኑት ክቡር ስቬይኑንግ፣ ማኅተማቸውን በኪሳቸው፣ መመሪያቸውን በብብታቸው ይዘው በሰሜን ኖርዌይ ወደምትገኘው ወደ ስካርሆልም ደሴት ሰኞ ዕለት ደርሰዋል። ሕዝቡም በሙሉ ወጥቶ ተቀብሏቸዋል። ሕዝቡ ጉንቮር የሚባሉ፣ ጎጆ ሊሠሩ የሚመጡ የባሕር ዳክዬዎችን የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነፋስ አግቷቸው የሕዝቡን ዓሣ ሲበሉ ሰንብተው፣ እነሆ ዛሬ ዓርብ ነው።

[የጉንቮር ወጥ ቤት፤ ጠዋት። በመስኮቱ ባሕሩና ዳር ላይ የተሳበችው የስቬይኑንግ ጀልባ ይታያሉ። ስቬይኑንግ ቢጫ የዝናብ ካፖርቱን እንደለበሰ ሻይ ያማስላል።]

ጉንቮር፦ ማንኪያውን አታንቃጭለው ብዬሃለሁ።

ስቬይኑንግ፦ እማማ፣ መመሪያው ስለ ማንኪያ የሚለው ነገር የለም።

ጉንቮር፦ ዳክዬዎቹ መመሪያውን አላነበቡትማ። ከባሕር ወጥተው ቤት የሚመርጡበት ሰሞን ነው። እኔ በዚህ ሰሞን እንጨት አልፈልጥም፣ ሚስማር አልመታም፣ ሽርጤን እንኳ አልቀይርም።

ስቬይኑንግ፦ ሽርጥን ከዳክዬ ጋር ምን አገናኘው?

ጉንቮር፦ በሽርጤ ነው የሚያውቁኝ። እናቶቻቸውም በዚችው ነበር የሚያውቁኝ።

ስቬይኑንግ፦ [ለሕፃን እንደሚያስረዳ] እማማ ጉንቮር፣ የባሕር ዳክዬ የዱር ወፍ ነው። ሰው ይረብሸዋል። ደሴቷ ደግሞ ቅርስ ሆናለች። ስለዚህ እዚህ ላይ ይፈርሙና ዛሬ ከእኔ ጋር ለቀው ይወጣሉ።

ጉንቮር፦ የድንጋይ ጎጆዎቻቸውን ማን ይጠግናል? ደረቅ የባሕር ሣር ማን ያነጥፍላቸዋል?

ስቬይኑንግ፦ ተፈጥሮ።

ጉንቮር፦ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መጥታ አላገዘችኝም።

ስቬይኑንግ፦ ጎብኚ ማየት የሚፈልገው ያልተነካ ነገር ነው። በመርከብ ሆኖ ከሩቅ ያያል። ይህ ቤት የወፍ ጠባቂዎች ኑሮ ማሳያ ይሆናል። እዚያ ወንበርዎ ላይ አሻንጉሊት እናስቀምጣለን።

ጉንቮር፦ እኔን የምትመስል?

ስቬይኑንግ፦ አይ፣ ጠባቂ የምትመስል።

ጉንቮር፦ መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ። እስቲ የምፈርምበትን አንብብልኝ።

ስቬይኑንግ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] «ዳክዬ እንቁላል ከጣለችበት ሥፍራ፣ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ ማንም ሰው ሃምሳ እርምጃ ውስጥ አይጠጋ፤ በሥፍራው ያለ ማናቸውም ዕቃ ከቦታው አይነሣ።»

ጉንቮር፦ ማንም ሲል አንተንም ይጨምራል?

ስቬይኑንግ፦ ማንም ማለት ማንም ነው። ያረቀቅሁት እኔው ነኝ።

ጉንቮር፦ ጎበዝ። በል ጀልባህን አዘጋጅና ና፣ እፈርማለሁ።

[ስቬይኑንግ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይመለሳል።]

ስቬይኑንግ፦ ጀልባዬ ውስጥ ዳክዬ ተኝታለች።

ጉንቮር፦ ወይ ጉድ። እንቁላልስ?

ስቬይኑንግ፦ ሁለት።

ጉንቮር፦ እንኳን ደስ ያለህ። ስንት ቀን ነው የምትታቀፈው? አንተ የተማርከው ታውቃለህ።

ስቬይኑንግ፦ ሃያ ስድስት። ሌላ ጀልባ ይላኩልኝ እንጂ። [ስልክ ይደውላል] ጌታዬ... አዎ፣ በመሥሪያ ቤታችን ጀልባ ውስጥ... የዓመቱ የመጀመሪያ ጎጆ ናት... ለጋዜጣ? አመሰግናለሁ ጌታዬ... መመለሻ ጀልባ ግን... አዎ፣ የጀልባ መውረጃው አንድ ብቻ ነው፤ ከጎጆዋ አሥር እርምጃ... አዎ ጌታዬ፣ ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። [ስልኩን ያስቀምጣል] እንቁላሎቹን በነፍስህ ጠብቅ ብለውኛል።

ጉንቮር፦ [በመስኮት እያየች] ዳክዬዋ ውኃ ልትጠጣ ወረደች። ያ የባሕር አሞራ ጀልባህ ጫፍ ላይ ምን ይሠራል? እንቁላል አይጠላም።

ስቬይኑንግ፦ ያባርሩታ።

ጉንቮር፦ ሃምሳ እርምጃ።

ስቬይኑንግ፦ እንግዲያው እኔ ልሂድ።

ጉንቮር፦ ያን ቢጫ ካፖርት ካየች አትመለስም። ጋዜጣው ላይ የሚወጣው ባዶ ጀልባ ይሆናል።

ስቬይኑንግ፦ እማማ ጉንቮር፣ በፈጠረዎት፣ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ጉንቮር፦ ሕግ አከብራለሁ። ካልተጻፈልኝ አልነሣም።

[ስቬይኑንግ የማስለቀቂያውን ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ይጽፋል።]

ስቬይኑንግ፦ «ጉንቮር ጠባቂ ሆነው፣ ወደ ጎጆዎቹም እየተጠጉ በደሴቷ ይቆዩ።»

ጉንቮር፦ እስከ መቼ?

ስቬይኑንግ፦ «እስከ ሰኔ።»

ጉንቮር፦ አሞራው ከአንተ ይፈጥናል።

ስቬይኑንግ፦ «ዕድሜ ልካቸውን።»

ጉንቮር፦ ማኅተም።

[ያትማል። ጉንቮር ከሽርጧ ኪስ መነጽሯን አውጥታ ቃል በቃል ታነባለች። ከዚያ ሳትቸኩል ትወጣለች። አሞራው ይበራል፤ ዳክዬዋ በአጠገቧ አልፋ ጀልባዋ ውስጥ ትተኛለች። ጉንቮር ትመለሳለች።]

ስቬይኑንግ፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የዱር ወፍ እንዴት ጀልባ ትመርጣለች? የጀልባዋ ወለል ሁሉ ደረቅ የባሕር ሣር ነው። ነፋሱ ይሆን ያመጣው?

ጉንቮር፦ ነፋስ ጥግ ጥጉን እያስተካከለ አያነጥፍም፣ ልጄ። ሰኞ ዕለት አንተ እራትህን ስትበላ ነው ያነጠፍኩት። በል ያን ካፖርት አውልቅና የሟች ባለቤቴን ሹራብ ልበስ። ከለመደችህ በኋላ ግን እስከ ሰኔ ማውለቅ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ በበጋው ቅርስ ልይ ብለህ ሻንጣህን የምትሸክፍ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚል ሰሌዳ ሥር ስትደርስ፣ ትኬት የሚቆርጥልህን ሰው በጨዋ ደንብ ጠይቅልኝ፦ «ይህ ሁሉ ሳይነካ እንዲቆይ ያደረጉት ሰዎች፣ አሁን የት...»