ማሪያ ባትመረጥ ኖሮ

የሰው አገር ምርጫ እንደ ሰው ሰርግ ነው፤ አንጀት ሳያሳርር ያስጨፍራል። ሙሽሮቹ በማግስቱ ቢጣሉ ለሽምግልና የሚለፋው ሌላ ነው፤ እናንተ በልታችሁ ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ነው። ሶዶ ከተማ ካፌ የሚሰየሙትን ሰዎች እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው። የወከላቸውን ሰው ስም ብትጠይቋቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ የፈረንጅ ምርጫ ሲነሳ ግን የተወዳዳሪውን የእንጀራ እናት ሳይቀር ይተነትኑላችኋል። እኔም ከዚያው ጎራ ነኝ። የሲቪክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ደግሞ እየተከፈለኝ ነው የማወራው።

በሰው ሰርግ ጨፍሮ እግሩ የተሰበረ መንደር ግን አውቃለሁ። የኛው ነው።

ወላይታ ውስጥ ከገሱባ ከተማ አለፍ ብላ ያለችው የትውልድ መንደሬ የእጅ ፓምፕ ያገኘችው በማሪያ ነው። ማሪያ የአንዲት አውሮፓ አገር ሴት ናት፤ ትንሽ የእርዳታ ድርጅት ነበራት። ጉድጓዱን አስቆፈረች፣ ፓምፑን አስተከለች፣ በየዓመቱም መለዋወጫ በሻንጣዋ ይዛ ትመጣ ነበር። መንደሩም በፋንታው ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የኛ የቃሪያ ማባያ፣ አቀረበላት። ዳጣው እንባዋን እያወረደው ጥርግ አድርጋ በላች። በኛ ዘንድ እንዲያ አድርጎ የበላ ሰው እንግዳ መሆኑ ያበቃል፤ ዘመድ ነው።

ታዲያ ፓምፑ ተሰበረ። ታላቅ እህቴ አየለች ጉልበቷን እያመማት ጀሪካን አዝላ ወንዝ መውረድ ጀመረች፤ ዳገቱን ስትመለስ በየመሃሉ እየተቀመጠች ነው። ማሪያ መቼ ትመጣለች ተብሎ የድርጅቷ የሶዶ ተጠሪ ሲጠየቅ፣ ዘንድሮ ትዘገያለች፣ አውሮፓውያን ከየአገራቸው እየመረጡ ለሚልኩበት የጋራ ፓርላማ ልትወዳደር ነው አለ።

መንደሩ በደስታ አበደ። ያለ ሥልጣን ፓምፕ ያመጣች ሴት፣ የስንት አገር ሹም ስትሆን በየቤቱ ቧንቧ አታስገባም? ይህ ስሌት ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው? እኔም አላየሁትም፤ ያውም ሲቪክስ አስተማሪው።

ቅዳሜ ተጠርቼ ሄድኩና አስረዳሁ። በሷ አገር ለፓርቲ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ ፓርቲው ሰዎቹን በተራ ያሰልፋል፤ ማሪያ አምስተኛ ናት። ፓምፑን እንዲጠብቁ የተመረጡት ሽማግሌ አቶ ሎሃ አምስተኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ፓምፑ ሥር የተሰለፉ ጀሪካኖች አስቡ አልኳቸው፤ ውኃው አራተኛው ላይ ቢቆም አምስተኛው ባዶውን ይመለሳል። ይህንን ለመረዳት አንድም ሰው አልተቸገረም። አየለች እንግዲያው ከፊቷ ላሉት ለአራቱም እንጸልያለን አለች። ከአራቱ አንዱ ለአፍሪካ የሚሰጠው እርዳታ ይቀነስ እያለ የሚሟገት ሰው እንደነበር ሬዲዮ ላይ ሰምቻለሁ። ለራሴ ያዝኩት፤ ጸሎት አይቋረጥም።

አየለች ጾመች። አምስቱም አለፉ። እልልታው ቀለጠ፤ በኛው ምርጫ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ሎሃ ስልክ ፊት ቆመው "ሹመት ያዳብር" ብለው መረቁና ቪዲዮው ተላከላት።

ከዚያ ወዲያ የሶዶው ተጠሪ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ማሪያ ገንዘብ ከሚያከፋፍለው ምክር ቤት ገብታ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት መምራት አይገባኝም ብላ ድርጅቱን ለቃለች፤ ድርጅቱ ደግሞ እሷው ነበረችና ተዘጋ። እዚያ ምን ትሠራለች ተባለ። የዓሣ ማስገር ኮሚቴ ውስጥ መድበዋታል አለ።

አቶ ሎሃ ተስፋ አልቆረጡም። ዓሣ ውኃ ውስጥ አይደል የሚኖረው ብለው ጠየቁ።

ብትሸነፍስ ኖሮ ስትል አየለች ጠየቀች። ተጠሪው ሊዋሽ አልቻለም፤ ብትሸነፍማ ይኼኔ እዚሁ ነበረች አለ። እህቴ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ ጸልዬ የወሰድኳት" አለች። አንጀቴን በላችው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ተረቱ። ያበላው ዘመድ ተሹሞ የሄደበትን ሰው ቁጭት የሚናገር ተረት ግን አላገኘሁም።

ወንዝ መውረዱ እንደቀጠለ የኛው ምርጫ ደረሰ። ለወረዳው ምክር ቤት ከሚወዳደሩት አንዱ ጎበዜ ነበር፤ ገሱባ ላይ የብየዳ ቤት ያለው፣ ብረት የሚታዘዝለት ልጅ። መንደሩን ሰብስቦ ከመረጣችሁኝ ፓምፑን እጠግናለሁ አለ። መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ ሲሉት እኔው ቀጥቅጬ እሠራዋለሁ አለ። እስከዛሬስ ሲሉት ቅስቀሳ ላይ ነበርኩ አለ።

አየለች ተነሳች። የተናገረችው በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው ጥርሱ ይረግፋል።

"ጎበዜ ጥሩ ልጅ ነው። ስለዚህ አንመርጠውም፤ ይቅርልን።"

ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በምርጫው ቀን ሰልፉ ላይ የቆመው ሁሉ ጎበዜን እንደ ልጁ እየሳመ፣ እያሞገሰ፣ ገብቶ ለሌላ ሰው ድምፁን ሰጠ። ጎበዜ ተሸነፈ። አኩርፎ ከረመና፣ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ ነው መሰለኝ፣ የመፍቻ ሻንጣውን ተሸክሞ መጣ። ብረቱን ቀጥቅጦ ገጠመው። ሥጋው በዳጣ ቀረበለት፤ እንባው እየወረደ በላ። በዳጣው ይሁን በሽንፈቱ አልጠየቅነውም።

አየለች አሁን ውኃ የምትቀዳው ከደጇ ነው። እኔም ለተማሪዎቼ ምርጫ ማለት ጥሩውን ሰው ወደ ላይ መላክ ነው እያልኩ አስተምራለሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል።

ማን አሸነፈ አላችሁኝ? አንድ ወሬኛ ሰውዬ ነው። ከተመረጠ ወዲህ መንደሩን ረግጦ አያውቅም። ቅር ያለው ሰው የለም። የመረጥነውም ለዚሁ ነው።