ለራስ ምታቴ የታዘዘልኝ እረፍት

እኛ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጤነኛ ሰው በቀን ዓይኑን ጨፍኖ አይተኛም! ከተኛ ታሟል፤ ሲጠሩት ዝም ካለ ደግሞ... እሱን እነግራችኋለሁ።

አስተማሪ ነኝና ራስ ምታት ከሥራው ጋር አብሮ የተሰጠኝ ነው ብዬ ስችለው ኖርሁ። ክኒኑን እንደ ቆሎ ስቅመው ጭራሽ ባሰብኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር በቅሎ ይሆን ብዬም ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ። ፍርሃቱ ቁጣ ሆኖ ሲወጣ ባለቤቴ ዘነቡ “ፊትህን ሳየው እኔንም ራሴን ያመኛል” ማለት ጀመረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

ጤና መኮንኗ ደህና አድርጋ መረመረችኝና፣ “መምህር፣ ክፉ ነገር የለብዎትም። ውጥረት ነው፤ ክኒን ማብዛትዎም አባብሶታል” አለች።

“ታዲያ መርፌ ነው?”

“መርፌ የለም። በጀርባዎ ይተኙ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ መንጋጋዎን ያላሉ። ትንፋሽዎን በዝግታ ይሳቡ፣ ትንሽ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ይልቀቁ። ድምፅ ቢሰሙ እንደ መንገደኛ ይለፍ ብለው ይተዉት። እንዳያቋርጡት!”

ተማሪ ትእዛዝ ሲጥስ የምቆጣ ሰውዬ እኔው ልጥስ? ቅዳሜ ዘነቡ ገበያ ስትወጣ ሳሎን ፍራሽ አንጥፌ ተዘረጋሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ትንፋሼን ያዝሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ወንፊት ሊዋሱ ብቅ አሉ።

“መምህር?... መምህር ይሁኔ?”

ዝም! እንዳታቋርጥ ተብያለሁ። ጠጋ ብለው ነቀነቁኝ። እጄን አንስተው ለቀቁት፤ ዱብ አለ። መላላት ማለት ይኼ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

“ኧረ እመ ብርሃን! ኧረ የሰው ያለህ! ምነው በሞትሁት፣ መምህር አለቁ!”

መንገደኛ ነው፣ ይለፍ አልሁ። ጎረቤቱ እየጮኸ ገባ፤ ይለፍ! ደጅ የድንኳን ካስማ ሲመታ ሰማሁ፤ ይለፍ! ማንኩሳ ላሉት ዘመዶቼ ስልክ ተደወለ... የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋማ “ምስኪን፣ ማን ይሆን?” ብዬ አዘንሁ። ጥሩምባ ነፊው “መምህር ይሁኔ ስላረፉ...” ሲል ትንፋሼ እውነትም ቀጥ አለ!

ልነሳ ስል ዘነቡ ደረሰች። ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን እየደቃች፦

“ቁጣ የማያውቀው ሳቂታው ጌታዬ፣
ለማን ጥለኸኝ ነው ጥላ ከለላዬ!”

ስሙኝማ! ሳቂታው እኔ ነኝ? “ጌታዬ” ስባል ከሠርጋችን ወዲህ ገና ዛሬ መሆኑ ነው። ትከሻዬ ላላ፣ ግንባሬ ተፈታ፤ ያ ቀፍድዶ የያዘኝ ራስ ምታት ብን ብሎ ጠፋ! እንኳን ልነሳ፣ ሙሾው እንዳይቋረጥ ብዬ መተንፈሱንም ፈራሁ። ግን እንባዋ ፊቴ ላይ ጠብ አለ። ለካ ትወደኛለች! አልቻልሁም፤ አንድ ዓይኔን ገለጥሁ።

“ዘኑ... እስኪ ድገሚው።”

ለቀስተኛው በሩ ሲጠበው በመስኮት ወጣ። እትዬ ደብሬ ወንፊቱን ይዘው ሮጡ። ዘነቡ ብቻ አልሸሸችም። መጀመሪያ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ልቤ መምታቱን አረጋገጠች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣

“የቀረውን ስትሞት ትሰማዋለህ!” አለችኝ።