ቬርሳይ በወለንጪቲ በኩል

እኔ እንደታዘብኩት የኛ የናዝሬት ሰው ጉዞን የሚወደው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። ሶደሬ ለመሄድ፣ ያቺ አፍንጫችን ስር ያለችው ሶደሬ፣ ስንት ሳምንት እንደምንመክር ታውቃላችሁ። ማን ድስት ይያዝ፣ ማን ምንጣፍ ያምጣ፣ የማን አክስት ትቅር፣ ጾም ይገባል ወይስ አይገባም እየተባለ ሰው ተኳርፎ ይታረቃል። ቀኑ ሲደርስ ግማሹን ራሱን ያመዋል፣ ግማሹ ለቅሶ ይገጥመዋል። ቢሆንም ማንም ቅር አይለውም፤ ሶደሬን በወሬ ታጥበን ጨርሰናላ!

ታዲያ ለሶደሬ እንዲህ የምንሰናዳ ሰዎች ፈረንሳይ አገር ያለ የንጉሥ ቤተ መንግሥት ልንጎበኝ ብንነሳስ? ተነስተን ነበር እኮ። ያውም በደርግ ጊዜ፣ ንጉሥ የሚለው ቃል ራሱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ በሚነገርበት ዘመን።

እዚሁ ናዝሬት ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሙሴ ደገፉ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ይኖሩ ነበር። «ሙሴ» የተባሉት ፈረንሳይኛ ስለሚናገሩ ነው፤ በፈረንጆቹ አፍ «አቶ» እንደማለት ነው። ባቡር ላይ ለመቀጠር ቋንቋው ያስፈልግ ስለነበር እኔና ጓደኛዬ ገመቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው እየሄድን እንማር ነበር። ሙሴ ሰዋስው የሚባል ነገር አይወዱም። ግድግዳቸው ላይ ከአሮጌ ካላንደር ተቆርጦ የተለጠፈ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሥዕል አለ፤ ትምህርታችን እዚያ የደርሶ መልስ ጉዞ ማቀድ ነው። ጠዋት ከፓሪስ መነሳት፣ ማታ ፓሪስ መመለስ። ዓመቱን ሙሉ ይኸው ነው። ቲኬት እንቆርጣለን፣ መንገድ እንጠይቃለን፣ ባቡር አመለጠን ብለን እንደነግጣለን። ሙሴ ራሳቸው ከጅቡቲ ያለፈ አገር አያውቁም፤ ግን የቬርሳይን አትክልት ቦታ ሲያወሩ ትናንት ውኃ አጠጥተውት የመጡ ነው የሚመስሉት።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ሆነው ይሳተፋሉ። «የሰው አገር እህል ሆድ ይነፋል» ብለው ስንቁ ዳቦ ቆሎና በሶ እንዲሆን አስወሰኑ። ገመቹ ግቢው ውስጥ ፏፏቴ መኖሩን ሲሰማ ደግሞ «አቦ፣ ፎጣና ሳሙና እንያዛ!» አለ። ሙሴ የንጉሥ ፏፏቴ ውስጥ አይታጠቡም ብለው ቢያስረዱት «ታዲያ ውኃውን በከንቱ ለምን ያፈሱታል?» ብሎ ሙግት ገጠመ። ሙሴ ጥያቄው በፈረንሳይኛ ካልቀረበ መልስ የለም አሉት፤ በዚያው ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ሙሴ ብድግ አሉና «ሳሎን ተቀምጦ ጉዞ የለም፤ ልምምድ ያስፈልጋል» አሉን። በባቡር እስከ ወለንጪቲ እንሄዳለን። ናዝሬት ፓሪስ ትሆናለች፣ ወለንጪቲ ቬርሳይ። ያቺን ከአቧራና ከግራር በቀር ምንም የሌላትን ወለንጪቲን የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ አትሳቁ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እንዲያወጣልን ገመቹን ላክነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመድ ሞቶብኝ ነው ይላል፤ ለይለፍ ስንል ስንቱን ጤነኛ ዘመድ ገድለናል! ገመቹ ግን የጉዞው ምክንያት ምንድነው ሲባል «የንጉሥ ቤተ መንግሥት ጉብኝት ልምምድ» ብሎት ቁጭ!

ሙሴ ወዲያው ተጠሩ። በዚያ ዘመን ቀበሌ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ለአንድ ጥያቄ ተብሎ ገብቶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር። እትዬ አስካለ ጋቢ አስያዟቸው። ሐምሌ አይደለም፣ ብርድ የለም፤ ጋቢው ለማደሪያ ነው።  እኔና ገመቹም ከኋላ ከኋላቸው ተከተልን።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ዕድሜው ከኛ ብዙም የማይርቅ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚወድ ሰው ነው።

«የትኛው ንጉሥ ነው?» አለ።

«የፈረንሳይ። ሕዝቡ አንገቱን ቆርጦታል» አሉ ሙሴ።

ትንሽ ለዘብ አለ። «ታዲያ ቤቱን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ልናየው ነዋ። ሕዝብ የወረሰው ቤት ነው።»

«ወለንጪቲ ነው ያለው?»

«ለጊዜው» አሉ ሙሴ።

ሞቼ ተነሳሁ። ጓድ ሽፈራው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን አየና ዕቅዱ ከመነሻው እንዲነገረው አዘዘ። ሙሴ መናገር ጀመሩ፤ ባቡሩን፣ ስንቁን፣ አትክልት ቦታውን። ጓድም ይባል ሊቀመንበር፣ ሰውዬው የናዝሬት ልጅ ነው፤ ጉዞ ሲመከር እየሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። «በሶ ያስጠማል፣ ኮዳ ይጨመር» አለ። ቆየት ብሎ «ደግሞ ከፀሐይ በፊት ነው መነሳት» አለ። በመጨረሻ ይለፉን ፈቀደ፣ ግን የጉዞው መሪ እሱ ራሱ ሊሆን። «የምትሠሩትን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው የሙሴ ጉዳይ የሚወሰነው» ብሎ ሽጉጡን አነሳ። ቤት ስንመለስም እትዬ አስካለ ጋቢውን አጥፈው አላስቀመጡትም፤ ለማንኛውም ተብሎ እንደተንጠለጠለ ቆየ።

ቀኑ ሲደርስ አራታችንም በባቡር ሄደን ወለንጪቲ ወረድን። ከጣቢያው ጀርባ አንድ ግራር ስር ቤተ መንግሥታችንን አቋቋምን። ሙሴ ከጣቢያው የተዋሱትን ባለመደገፊያ ወንበር ለዙፋን አቆሙት። እኔ በር ጠባቂ ሆኜ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ገመቹ እየተንተባተበ መንገድ ይጠይቃል። ጓድ ሽፈራው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር እያለ ሲቆጣጠር ቆየና ፀሐይዋ አናቱን ስትለው፣ ጥላ ውስጥ ያለው ወንበር ያው አንድ ነው፣ ሄዶ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠበት።

ሙሴ ትምህርት ላይ ሲሆኑ ሌላ ነገር አይታያቸውም። ጎብኚ ዙፋኑ ፊት ሲደርስ ምን እንደሚል ሊያሳዩን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉና «ቮትር ማዤስቴ!» አሉ። ግርማዊነትዎ ማለት ነው፤ ለጃንሆይ የሚባለው። ለቀበሌ ሊቀመንበር! ቀና ሲሉ ነው ማን እንደተቀመጠ ያዩት።

ጓድ ሽፈራው እግሩን አወረደ። «ምንድነው ያሉኝ?» አለ ወደኛ ዞሮ።

ሙሴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። እኔ እንኳን ፈረንሳይኛው አማርኛውም ጠፋብኝ። ያ ጋቢ መጣብኝ፣ እውነቴን ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር ማለታቸው ነው» አለ ገመቹ ፈጠን ብሎ። «ማዕረጉ ከፍ ላለ ሰው እንዲህ ነው የሚባል።»

 ከዚያ ጓድ ሽፈራው ቀስ ብሎ ወደ መደገፊያው ተመለሰ።

«ይደገም» አለ።

ተደገመ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን።

ሙሴ ነጻ ናቸው ተባለ፣ ትምህርቱም ይቀጥል ተባለ። ሰውዬው ግን ቃሉን ወደደው። ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ሰላምታውን በፈረንሳይኛ እንዲያደርግ ሆነ፤ ሰፈሩም ከኛ ተቀብሎ ለመደው። «ፊውዳሊዝም ይውደም!» ከሚለው መፈክር ስር እየቆምን፣ ጎንበስ እያልን፣ ግርማዊነትዎ እንለዋለን፤ እሱም ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ይቀበላል።

ቬርሳይን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የንጉሥ ደጅ መጥናቱን ግን ቀበሌ ለስኳር ተሰልፌ ጠግቤዋለሁ።