የኔታ፣ ትንሽ ይታገሡን

አንድ ብርቅ ዕቃ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ጠባቂ አለው፤ ጠባቂውም ውሎ አድሮ የዕቃው የሥጋ ዘመድ ይሆናል። የቀበሌው ማኅተም ያዥ ማኅተሟን እንደ ሙሽራ ሸፋፍኖ ነው የሚይዛት። የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስብሰባው የተጠራው ለቁልፉ ክብር ይመስለዋል። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ስቄባቸዋለሁም። የሁሉም አውራ ግን የእኛው የደባርቁ፣ ክቡርነታቸው ጋሼ አሻግሬ ናቸው፤ የትምህርት ቤታችን ሬዲዮ ጠባቂ።

ክቡርነታቸው ለዚህ ሹመት የበቁት ሳንቃ በር በሚባለው ተራራ ላይ በቅሎ ሲነዱ ኖረው ነው። ከአዲስ አበባ በሬዲዮ የሚሰጠውን ትምህርት ልጆቹ እንዲከታተሉበት ተብሎ ሬዲዮ ሲላክልን፣ ከመኪና ያወረዷት እሳቸው ነበሩ። ጀርባዋን ዳሰስ አድርገው፣ “ደክሟታል፤ ትረፍ” አሉ። ዳይሬክተሩ ይህን ሰምተው እዚያው ሾሟቸው።

ጠዋት ጠዋት የባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ያሞቋቸዋል። ዝናብ ከመጣ ጥላው የሬዲዮዋ ነው፤ እሳቸው ይበሰብሳሉ። ክፍል ይዘዋት ሲገቡ፣ ውስጧ ሆኖ የሚያስተምረውን ሰው በማክበር፣ “ተነሡ፤ የኔታ መጡ” ይላሉ። ተማሪው ብድግ ይላል። መምህሩ እኔ ግን አልነሣም። ለቆርቆሮና ለሽቦ መነሣት ኋላ ቀር አመለካከት መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ሙሉ በራሪ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ይህንኑ ነጥብ በነጥብ ዘርዝሬ ባስረዳቸው፣ ትኩር ብለው አይተውኝ፣ “ጉልበትህን ያምሃል እንዴ ልጄ?” አሉኝ።

እሱስ ይሁን። የሬዲዮው መምህር ጠባይ እንዲህ ነው፤ ይጠይቃል፣ አንድ ትንፋሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ልጁ መለሰም አልመለሰም “በጣም ጥሩ” ብሎ ያልፋል። ይህቺ “በጣም ጥሩ” ጋሼ አሻግሬን አንገበገበቻቸው። “ማን መለሰና?” ይላሉ። እኔም ሳይሠሩ መመስገን የከበርቴ አመል መሆኑን ገልጬ ደገፍኳቸው፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ የኔታ በጠየቁ ቁጥር ጋሼ አሻግሬ ጎንበስ ብለው፣ “የኔታ፣ ትንሽ ይታገሡን” ይሉና ቀጭ አድርገው ያጠፏቸዋል።

አጥፍተው ይጠብቃሉ። የሚጠበቀው ደግሞ ብዙ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ቁጥር እንኳ ሳያዜም አይመልስም። ከቤተ እስራኤል መንደር የሚመጣው አንድ ሲጠየቅ ሦስት መልሶ ይጠይቃል። ከሊማሊሞ ሥር የመጣችው አልጣሽ መጀመሪያ በእናቷ ትግርኛ በከንፈሯ ቆጥራ፣ ኋላ ወደ አማርኛ መልሳ ነው የምትናገረው። ልጆቹ ሲጨርሱ ሬዲዮዋ ትከፈታለች፤ የኔታ ግን ርቀው ሄደዋል። ጋሼ አሻግሬ ይቀየማሉ። ሞገዱ በአየር ላይ እንደሚሄድ፣ እኛ ብንዘጋውም ሰውየው ማውራቱን እንደማይተው፣ በጠመኔ ሥዕል ሥዬ አስረዳኋቸው። ሥዕሉን እያዩ፣ “በቅሎዬ እንኳ ልጓሟን ስይዛት ትቆም ነበር” አሉኝ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ሒሳብ ላይ የተዘጋች ሬዲዮ ዶሮ እርባታ ላይ ትከፈታለች። በፈተና ስድስት ሲባዛ በሦስት ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ “ደረቅና ሙቀት ያለው ቦታ ይቀመጣል” ብሎ ጻፈልኝ። ጋሼ አሻግሬ ግማሽ ነጥብ እንድሰጠው ለመኑኝ።

ወሬው ጎንደር ደረሰና ጓድ ታገኘ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ ተማሪዎቹ ከሬዲዮው ጋር እኩል ካልሄዱ ሬዲዮው ዳባት ይሄዳል። የዳባት ልጆች ይከተላሉ አሉ። ጋሼ አሻግሬ ይህን ሲሰሙ ሬዲዮዋን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት። ብልሁ እኔ ግን ዘዴ አላጣሁም፤ ለዛሬ ብቻ እንዳይዘጓት በሚካኤል አስማልኳቸው። በአብዮቱ ቢምሉልኝ አላምናቸውም ነበር።

ጓድ ታገኘ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከሬዲዮዋ አጠገብ ቆምኩ። ጋሼ አሻግሬ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው ግድግዳ ተደገፉ። የኔታም ጀመሩ፤ ከሃያ ላይ ስምንት ሲቀነስ ስንት ይቀራል?

ጓድ ታገኘ በጣታቸው ማንን ቢያመለክቱ ጥሩ ነው? አልጣሽን። ተነሣች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጋሼ አሻግሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያቺ “በጣም ጥሩ” እየመጣች ነው፤ ልጅቷን ረግጣት ልታልፍ ነው።

ቀጭ አለ።

እጁ የኔ ነበር።

“ጓድ መምህር፣ ሬዲዮው ምን ሆነ?” አሉ ተቆጣጣሪው።

“እየጠበቁን ነው” አልኩ። ከየትኛው በራሪ ጽሑፍ እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አልጣሽ ትግርኛውን ጨረሰች፤ ወደ አማርኛው ተሻገረች። “ዐሥራ ሁለት” አለች።

ጋሼ አሻግሬ የማሉት ላለመዝጋት እንጂ ላለመክፈት አልነበረም። ቀስ ብለው መጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ “የኔታ፣ መልሳለች” አሉና ከፈቱ። ለየትኛው ጥያቄ፣ ለየትኛው አገር ልጅ እንደሆነ እንጃ፣ ከሬዲዮዋ ውስጥ ጥርት ያለ “በጣም ጥሩ” ወጣ።

አልጣሽ ጥርስ በጥርስ ሆና ተቀመጠች። ጓድ ታገኘ ሳቃቸውን ሊያፍኑ መሀረብ አወጡ፤ መሀረቡ አልበቃቸውም። ሲሄዱም ስለ ዳባት ትንፍሽ አላሉ፤ ሬዲዮዋም ደባርቅ ቀረች። ጋሼ አሻግሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “አላልኩህም? ይጠብቃሉ” አሉኝ። ሞገዱም፣ አየሩም፣ የጠመኔው ሥዕልም አፌ ድረስ መጥተው ነበር፤ ዋጥኳቸው።

በማግስቱ “ተነሡ፤ የኔታ መጡ” ሲባል ብድግ አልኩ። ክቡርነታቸው ሬዲዮዋን እንዳቀፉ ጉልበቴን አዩት።

“ተሻለህ ልጄ?”

“ደኅና ነው፤ ተመስገን” አልኩ።