ኦትማር የዋሸበት ካርድ

ተራራ ባለበት አገር፣ በየቤተሰቡ አንድ መንገድ መራጭ አይጠፋም። ሌላው ሰው ጫማውን አስሮ ይወጣል፤ እሱ ግን የትኛው የጉዞ ካርድ በጀልባ እንደሚያስኬድ፣ የትኛው ዳገት በጥቅምት ውርጭ እንደሚያንሸራትት ሳይመረምር ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። በስዊዘርላንዷ ኩር ከተማ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ኦትማር ካፍሊሽ ነው።

ጎረቤት "እንደምን አደሩ?" ሲለው፣ "የቀን ካርድ ነው የያዙት የሳምንት?" ብሎ ይመልሳል። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራውን ጥግ አስይዞ የጫጉላ ጉዞውን መስመር አስቀይሮታል። ቀብር ላይ እንኳ ከሩቅ የመጡትን ለቀስተኞች በየትኛው ካርድ እንደመጡ ጠይቆ "አይ፣ ተበልታችኋል!" ያለ ሰው ነው።

እህቱ ሄድዊግ ስትስቅበት ኖራለች። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ከቀበሩ ወዲህ፣ በየዓመቱ ቅጠላቸውን የሚያረግፉት የተራራ ጥዶች ወርቅ ሲለብሱ አብረው ወደ ኤንጋዲን ሸለቆ ይሄዳሉ። እሱ ይመርጣል፣ እሷ ትከተላለች። ምርጫው ደግሞ ምንጊዜም ከሸለቆው ሐይቅ በላይ ያለው የተጓዦች ማረፊያ የድንጋይ ጎጆ ነው፤ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ዳገት በሚወጣው የገመድ መኪና ግማሹን ወጥተው፣ የቀረውን በእግር ይያያዙታል። እዚያ ደርሰው ትኩስ የገብስ ሾርባ ካልጠጡ ዓመቱ ያለፈ አይመስላቸውም።

ዘንድሮ ግን ኦትማር፣ "ሐይቁን ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው" አላት።

"ጎጆውስ?"

"ካርዱ የገመድ መኪናውን አይጨምርም።"

"ታዲያ የሚጨምረውን እንግዛ!"

"የለም አልኩሽ እኮ!"

ሄድዊግ ከፋት። በክረምቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ታማ ነበር። 'አርጅታለች፣ ሸክም ትሆንብኛለች ብሎ ነው' እያለች ስትብሰለሰል አደረች። በማግስቱ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች።

"የገመድ መኪናውን? ይጨምራል እንጂ እማማ!" አለቻት ትኬት ቆራጯ።

ሄድዊግ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ኦትማር በሌላ ነገር ይዋሽ ይሆናል፤ በካርድ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

ቤቱ ስትደርስ ጫማውን ቅባት እየቀባ ነበር። "አንተ! እኔን ሸክም አደረግኸኝ?" ብላ ጮኸችበት።

ቀና ሳይል፣ "አንቺን አይደለም እታለም" አለ። "ሐኪሙ ልቤን አይቶ ዳገት ከልክሎኛል። 'ኦትማርን ዳገት አቃተው' ከሚባል፣ በካርድ ቢሳበብ ይሻላል ብዬ ነው።"

"ሞኝ!" አለችው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሁለተኛውን ጫማ አነሳችና መቀባት ጀመረች።

የሚሄዱ ዕለት የኦትማር ጎረቤት ወይዘሮ ሉትሲ ደጃፉ ላይ አገኟቸው። "አቶ ኦትማር፣ ዘንድሮም ጎጆው ነው አይደል?"

ፊቱ ቀላ። ሄድዊግ ቀደመችው፦ "ምን ጎጆ! ይቺ ጉልበቴ አስቸገረችኝና ለእኔ ሲል ሜዳውን መረጠ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።"

ሐይቁ ዳር ቀስ ብለው ተራመዱ። መንገዱ ሜዳ ቢሆንም አልፎ አልፎ ከፍ ይላል። የወንድሟ ትንፋሽ ማጠር ሲጀምር ሄድዊግ ቆም ትልና፣ "ኦትማር፣ ያ ጀልባ በካርዳችን ያስኬደናል እንዴ?" ትላለች።

እሱም በትሩን ተደግፎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ፣ አንድም ሳያስቀር ያስረዳታል።