የጓድ ፖዚሽን ዕቅድ

አንባቢዬ፣ ቼዝ መጫወት ሳይሆንለት ቼዝ የሚያስተምር ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን ጅማ፣ በቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ ውስጥ ገጥሞኛል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ከሶቪየት የመጣ የቼዝ መጽሐፍ ካነበበ ወዲህ ፖዚሽን፣ ማለትም የጠጠሮች አቀማመጥ፣ ከአፉ ስለማይጠፋ «ጓድ ፖዚሽን» እንለዋለን። አንዳችን ወታደር ከበላ ደሙ ይፈላል፦

«መብላት የሆዳም ስልት ነው! መጀመሪያ የሰሌዳውን መሃል ያዝ!»

አጋሮ ሄደን ለዋንጫ ስንገጥም የክበባችን ክብር እሱ ላይ ወደቀ። ተጋጣሚው ሐጂ፣ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ፣ ንግሥታቸውን በስህተት ከፈረሱ አፍ ሥር አስቀመጧት።

«ብላት እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«የረጅም ጊዜ ዕቅድ አለኝ» አለና አንድ ወታደር ወደፊት ገፋ።

ሐጂ «ያ ረቢ!» ብለው ንግሥታቸውን አሸሹ። ብዙም ሳይቆዩ «ማት ነው፣ ልጄ» አሉት እያዘኑለት።

ጅማ ስንመለስ ለግምገማ ተቀመጥን፤ ሂስ አወረድንበት። ግለ ሂስ ያደርጋል ብለን ስንጠብቅ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ዕቅዱ እንከን የለውም። ጥፋቱ ሐጂ ዕቅዱን አለማወቃቸው ነው!»

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ አጋሮ እየተመላለሰ ስልቱን አስተማራቸው። ይኸው ዛሬ እኔ እንኳ ሐጂን አሸንፋቸዋለሁ፤ መሃሉን ለእሳቸው ትቼ፣ ዝም ብዬ እየበላሁ።